ያሰረው ይፍታው

ባለፈው ሳምንት ሲኤምሲ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት አንድ አናጢ የበር ክፈፍ ሲያጣብቅ የኮላው ሽታ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ጎምዘዝ ያለ፣ የረጋ ወተት የሚመስል ሽታ ነው። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ገባች። እኔ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በወጣትነቴ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ተደራጅተን እንጨት እንሠራ ነበር። ሼዱን ከሌላ ማኅበር ጋር ነበር የምንጋራው፤ ሞርሳዎቹም የጋራ ነበሩ። ሞርሳ የምንለው ኮላ የተቀባ እንጨት እስኪደርቅ ጨምቆ የሚይዘውን ብረት ነው። ረጃጅሞቹ ለጠረጴዛ ናቸው፤ ጣውላው እንዳይጎብጥ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እናስር ነበር። ወንበር ደግሞ ዙሪያውን በጭነት መኪና ቀበቶ ይጠፈራል። ትንንሾቹ ለመሳቢያና ለማዕዘን ናቸው፤ ሁሌም የሚያጣሉን እነሱ ነበሩ።

ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ያሰረው ይፍታው። ኮላው መድረቁን የሚያውቀው ያሰረው ነውና የሰው ሞርሳ የሚፈታ ጠብ የፈለገ ብቻ ነበር። በዚህ ሰበብ ተኮራርፈው ለወራት ሰላም የማይባባሉ ነበሩ፤ ጉድ እኮ ነን።

የእኛ ማኅበር ቆራጭ የወሎ ልጅ ነበር። "ቢስሚላሂ" ሳይል ማሽን አያስነሳም፤ ሲስቅ ደግሞ ከጣሪያው በላይ ይሰማል። ወድጄው ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ወድጄው ነበር።

አንድ ከሰዓት የመገናኛ ምግብ ቤት ያዘዘን ጠረጴዛዎች በአንድ ላይ ተጣብቀው ሞርሳ የሚባል አለቀ። እሱ አንዲት አጭር እንጨት መቁረጥ ነበረበት። አጭር እንጨት ከመግፊያ ጣውላ ጋር በትንሽ ሞርሳ ይታሰራል እንጂ በእጅ ተይዞ ወደ መጋዝ አይገባም። አጠገባችን አንዲት ትንሽ ሞርሳ ነበረች፤ የጎረቤታችን ማኅበር ሰው መሳቢያ ላይ አስሯት ለቅሶ ሄዷል።

"ፍታት በቃ፣ ደርቋል" አልኩት።

"የሰው ናት፣ መጥቶ ይፍታት። አብሽሪ፣ አንድ ጊዜ ቆርጬ ነው።"

የመጋዙ ድምፅ ለአፍታ ወፈረ፣ ከዚያ ተመልሶ ቀጠነ። ሰጋቱራው ቀላ። ይህን ስነግራችሁ ራሱ እጄን ጨብጬ ነው።

ሚኒባስ ለምነን ሆስፒታል ስንወስደው የመገናኛ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ጭንቅላቱን ታፋዬ ላይ አድርጌ ያዝኩት። የቀኝ እጁ አራት ጣቶች አልተረፉም። የመሳቢያው ባለቤት ከለቅሶ ሲመለስ ነገርነው። ሞርሳዋን ፈታና መሳቢያውን ነካ ነካ አደረገው። "ጠዋት እኮ ነው የደረቀው" አለና ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከወራት በኋላ ቆራጫችን ሊጠይቀን መጣ። እኛም በአንድ እጅ እንደ ብስክሌት ፍሬን የሚጨመቅ ሞርሳ ፈልገን ገዝተንለት ነበር። ደስ እንዲለው ብለን ሁለት ጣውላ ኮላ ቀብተን ሰጠነው። በግራ እጁ ጨመቀው፤ ያዘለት፣ አጨበጨብንም። ጣውላዎቹ ግን ኮላው ላይ ተንሸራተው ተዛነፉ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ተዛነፉ። ጭብጨባው ቆመ።

"ማጥበቁንስ አጠበቅኩ" አለ፤ "ማን ያስተካክልልኛል?"

ሄድኩና ጣውላዎቹን በሁለት እጄ ገጥሜ ያዝኩለት። ጨመቀው። ቀጥ አለ።

"ሁሌ ትይዢልኛለሽ?" አለኝ፣ ሳቅ ብሎ።

"እይዝልሃለሁ።"

የምሬን ነበር። እሱ ሞርሳዋን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አስቀመጣትና ሁላችንንም ጨብጦ ሄደ፣ በግራ እጁ።

ሰኞ ሥራ ይጀምራል ስንል አልመጣም። ስልኩ ዝግ ሆነ። በኋላ እህቱ የሥራ ልብሱን ልትወስድ መጥታ ወሎ መግባቱን ነገረችን።

"ምን ብሎ ሄደ?" አልኳት።

"ሰው አስቸገርኩ ብሎ ነዋ።"

እኔን መች አስቸገረኝ።