ለሐኪሟ የደበቅኩት ቅናት

ሕመሜ የጀመረው በቅናት ነው። ልጄ ሺራ በተወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ለቅሶዋን አላቆም አለች። ጡት ሰጠኋት፣ አዘልኳት፣ እምቢ አለች። የባሌ እህት ዝናሽ ከታችኛው ፎቅ ሰምታ መጣች። "አይዞሽ፣ ሀኮል በሴዴር፣ ሁሉም ደህና ነው፤ አምጪያት" ብላ ተቀበለችኝ። ልጄ ወዲያው ዝም አለች። ዝናሽ ከእኔ ሦስት ሳምንት ቀድማ ወልዳ ነበር። ፊቷ ወዝ አለው፣ ወተቷ ሞልቶ ይፈሳል፣ በአንድ እጇ የራሷን ልጅ ይዛ በሌላው የእኔን ታባብላለች። ማመስገን ሲገባኝ፣ ልጄን ነጥቄ በሩን ልዘጋባት አማረኝ።

ከዚያ ሌላው ተከተለ። እንቅልፍ ጠፋ። እህል አልወርድ አለኝ። ሺራን ሳያት የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ። ሰውነቴ ሁሉ ደንዝዞ፣ የዝናሽ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማኝ ብቻ ቅናቱ ይነሳብኛል።

እናቴ ብዙ አልተጨነቁም። ጎንደር በነበረው መንደራችን ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን በአራስ ጎጆ ተለይታ ትቀመጥ ነበር፤ ሴቶች ምግብ ያቀብሏታል፣ ማንም ሥራ አያዛትም። "አንቺን የወለድኩ ጊዜ እኔም አልቅሻለሁ" አሉኝ። "ሰማንያው ሞልቶ ታጥቤ ስወጣ ሐዘኑ ጥሎኝ ሄደ። አንቺንም ይለቅሻል።" አመንኳቸው። እዚህ ሀደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን፣ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀን በቀን መሰረዝ ጀመርኩ። እናትና ሕፃን በሚታዩበት ጣቢያ፣ ጢፓት ሐላቭ፣ ነርሷ ስለ ስሜቴ መጠይቅ ስትሰጠኝ ሁሉንም "ደህና ነኝ" ብዬ ሞላሁት። ቀኑ ሊሞላ ነው፣ ምን አስለፈለፈኝ?

ሰማንያው ሞላ። ታጠብኩ። ነጭ ለበስኩ። እናቴ እልል አሉ። አልለቀቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ሺራን አስተኝቼ በረንዳ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቁልቁል አየሁ። ዝናሽ ብታሳድጋት ይሻላታል፣ አልኩ በልቤ። ያሰብኩት አስደነገጠኝ። ገባሁ። የበረንዳውን በር ቆለፍኩ። ባሌ ይርጋ ፋብሪካ ሥራ ላይ ነበር፤ ደወልኩለት። "ና" አልኩት።

በዚያው ቀን ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሟ ከሩሲያ የመጣች፣ ዕብራይስጡን እንደ እናቴ እየሰባበረች የምትናገር ሴት ናት። "ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ዲፕሬሽን ነው። ጥፋትሽ አይደለም፤ ይታከማል" አለችኝ። ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ፣ በየጠዋቱ አንድ። "እየዋጥሽ ማጥባት ትችያለሽ። ሥራውን እስኪጀምር ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል፣ እስከዚያ ብቻሽን አትዋዪ፣ ብቻሽንም አትደሪ። ሲሻልሽ በራስሽ እንዳታቆሚው።" በረንዳውን ሳይቀር ነገርኳት። ቅናቱን ግን ደበቅኩ። በረንዳው በሽታ ነው፤ ቅናቱ የራሴ ክፋት ነው ብዬ።

መጀመሪያ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ነበረኝ፤ ያ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እንጀራ ጎርሼ ጣዕሙ ተሰማኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ዝናሽ ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብላ ሺራን ስታጠባ አገኘኋት። "ያንቺ ወተት መድኃኒት አለበት፣ ፈራሁላት" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ያን ቀን ኪኒኖቹን በሙሉ ሽንት ቤት ደፋኋቸው። ወተቴ ከእሷ ወተት እንዳያንስ።

ራሴን አዞረኝ። ተነጫነጭኩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። የበረንዳው ሐሳብም ተመለሰ።

ክሊኒክ ተመለስኩ። ሐኪሟ ለምን እንዳቆምኩ ስትጠይቀኝ አፈረጥኩት። "ቀንቼ ነው። ከወለድኩ ጀምሮ በባሌ እህት እየቀናሁ ነው።" አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጻፈችው። "መድኃኒቱን ያስጣለሽ እሱ ነው፤ እኔ ግን አላውቀውም ነበር" አለች። "ነገ ይዘሻት ነይ።" ዝናሽ መጣች። ሐኪሟ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት እንደሆነ፣ ሳትታከም የቀረች እናት ሕመም ግን ልጁን የበለጠ እንደሚጎዳ አስረዳቻት። የቤታችን ደረጃ ላይ ስንደርስ ዝናሽ "እኔ እኮ የረዳሁሽ መስሎኝ" ብላ አለቀሰች። ማባበሉ የዚያን ቀን የእኔ ተራ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ።

ኪኒኑን እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ማገገም ዘገምተኛ ነበር፤ ግን ሺራ ስትስቅ እኔም ሳላስበው የምስቅበት፣ ከእናቴ ጋር በናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ባሉት ባሕር ዛፎች ሥር ጋሪዋን እየገፋሁ የምሄድበት፣ የዝናሽን ኮቴ ሰምቼ "ግቢ" የምልበት ጊዜ መጣ። ከዳንኩ በኋላም ሐኪሟ ኪኒኑን ለተጨማሪ ወራት አስቀጠለችኝ፤ ከዚያ በእሷ ቁጥጥር ቀስ በቀስ ቀንሰን አቆምን።

እህቴ፣ ይህን የምታነቢው በዚያው መንገድ ላይ ሆነሽ ከሆነ፣ ቀን አትቁጠሪ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ እዚያው ሰዓት ሰው ጥሪ። ኪኒኑን ሐኪምሽ ሳታውቅ አትተዪ። የሚያሳፍርሽንም ንገሪያት፤ እኔን ወደ ኋላ የመለሰኝ ያሳፈረኝ ነገር ነው።

ስጠራው "ና" ከማለቴ የመጣውን ይርጋን፣ ሐኪሟንም አመሰግናለሁ። ሰማንያውን ያስቆጠሩኝ እናቴ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ኪኒኑን ከውኃ ጋር ያቀርቡልኝ ነበር፤ እሳቸውንም።

ዝናሽን ለብቻዋ አመሰግናለሁ። ሺራ መራመድ በጀመረችበት ሰሞን ወንዙ ዳር ሽርሽር ወጥተን ወደቀች። ዝናሽ ቀርባት ነበር፣ እጇን ዘረጋችላት። ልጄ እያለቀሰች አልፋት ወደ እኔ መጣች። የዝናሽን ፊት አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ ወራት ሙሉ የእኔ ነበር። ሺራን አነሳኋት፣ ጉልበቷን አሸሁላት፣ ከዚያ ለዝናሽ ሰጠኋት። ወዲያው ግን አልሰጠኋትም። ትንሽ ያዝኳት።