የማርታ እናት

በ1989 ዓ.ም. በልግ፣ እናቴ ባረፈች በወሩ፣ ስሟን ፍለጋ ጂንካ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሄድኩ። ሰው ሁሉ በእኔ ስም ይጠራት ስለነበር የራሷን ስም አላውቀውም ነበር።

የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ የጥምቀት መዝገቡን ገለጡልኝ። «የማርታ እናት፣ ከአልዱባ» ይላል። ከጎኑ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ትናንት፣ ቀበሌ ለመታወቂያ የልጄን ጣት ቀለም ሲያስነኩት ያ አሻራ ፊቴ ድቅን አለ።

«አባባ፣ እኔ ማርታ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ከአንቺ በፊት የነበረች ልጇ ናት። በጨቅላነቷ ነው ያረፈችው። አልነገረችሽም?»

«የእናቴስ ስም?»

«እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ስሟን ሳልጠይቃት። እሷ ደግሞ ካልጠየቋት መች ትናገራለች!» ብለው አቀረቀሩ።

አሻራዋን ስላቆየልኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሬ አልዱባ ገበያ ሄድኩ። ማሽላ የሚሸጡትን ሴቶች እየዞርኩ «የማርታን እናት ታውቋታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ።