ጨው ያመስኩለት ብረት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰላም ከባሕር ዳር መጥታ ምሳ እየበላን፣ «አክስቴ፣ ውጭ አገር አጥንት የሚያሲዙበት ብሎን ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ሟሙቶ ይጠፋል» አለችኝ። ሕክምና ትማራለች። እንደ አዲስ ነገር ስትነግረኝ ሳቄ መጣና የራሴን ታሪክ አወራኋት።

በኢሕአዴግ ዘመን፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከቁሐር ሚካኤል ስመለስ ጋሪ ተገልብጦብኝ ቅልጥሜ ተሰበረ። ሐኪሞች በብረት አስረው፣ «አጥንቱ ሲገጥም እግርሽ እንደገና ተከፍቶ ብረቱ ይወጣል» አሉኝ። ያንን ሁለተኛ መከፈት ፈርቼ ቀኑን እያራዘምኩ ቆየሁ።

በዓመቱ፣ ብረቱ እግሬ ውስጥ እንዳለ፣ እያነከስኩ ወረታ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ጠራጊ ሆኜ ገባሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ መምህር ደረጀ የሚባሉ ሰው እዚያ ዚንክ የሚባለውን ብረት አቅልጠው በጨው ላይ እያፈሰሱ፣ ከላይ በዘንግ ይጫኑታል። ሲቀዘቅዝ ጨው በውሃ ይታጠባል፤ ብረቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ለተሰበረ አጥንት ማሰሪያ የታሰበ ነው አሉ፤ አጥንት በቀዳዳው ገብቶ ያድጋል፣ ብረቱ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ዳግም መከፈት የለም። ይህን ስሰማ መጥረጊያውን አስደግፌ ጠጋ አልኩ።

ታዲያ ክረምት ነው። ፎገራ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጓዳ ያለ ጨው እንኳ ያልበዋል። የቀለጠው ሲፈስበት ጧ! ብሎ ተረጨና የመምህሩን እጅጌ በሳው። በማግስቱም ያው።

«መምህር፣ ጨውዎ እኮ እርጥብ ነው።»

«ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።»

«የሐምሌ ፀሐይ! መቼም የአዲስ አበባ ሰው ነዎት። ይስጡኝ፣ ልመሰው።»

መንጣጣቱን እስኪተው እንደ ሽምብራ አመስኩት። ያን ቀን ብረቱ ጸጥ ብሎ ገባ። ውሃ ውስጥ አሳድሬ ሳጥበው፣ ጣት የምታህል ብረት ዓይን በዓይን ሆና ወጣች።

«የሩዝ እንጀራችን እንኳ እንዲህ ዓይን የላትም!» ብዬ አሳቅኋቸው። ሲስቁ ደፈርኩና፣ «ይህችን ለእግሬ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ሳቃቸውን ተዉት። «ሙሉ፣ ይህን ለማስገባትም መከፈትሽ አይቀርም፤ ደግሞ ለሰው አልደረሰም። ገና በእንስሳ ይሞከራል፣ ዓመታት ይፈጃል። አትጠብቂ፤ ሄደሽ አስወጪው።»

«እኔ ፈቅጃለሁ እኮ!»

«እኔ አልፈቅድም።»

ተቀየምኳቸው። ሳምንት ሙሉ የሳቸውን ጠረጴዛ ዘልዬ ጠረግሁ። ጥቅምት ላይ ግን እንደፈራሁ ሄጄ ተከፈትኩ፤ ለገና ይፋግ ገበያ በእግሬ ደርሼ መጣሁ።

«ታዲያ ሰውዬው ብሎኑን ሠሩት?» አለች ሰላም።

«እኔ እንጃ፤ ተዛውረው ሄዱ» አልኳት። ያን ጊዜ ክፉ ይመስሉኝ ነበር። እሺ ቢሉኝ ግን እጠብቃቸው ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት፣ እያነከስኩ።