የአባዬ ሙስታንግ ጂቲ አይደለም

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ቆየሁ፤ ዛሬ ዋሸሁ።

አባዬ ከሞተ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ የቆመውን አሮጌ ሙስታንግ መኪና ሊገዙ የቸርቻችን አባል ጋሽ ታደሰ መጡ።

«ጂቲ ነው አይደል? ለተራ መኪናማ ያለችኝ ካምሪ ትበቃኛለች» አሉ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ከአባትሽ ጋር ስትፈቺ ስትገጥሚ የኖርሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪያቸው እንጂ።»

ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ጎበዝ፣ የአባትሽ ልጅ» አሉኝ።

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር፤ በዚያ ዘመን ጂቲ የሚባለው ውዱ ሞዴል ደግሞ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ብቻ ነበር። ባለ ስምንቱን ሞተር አባዬ ከሌላ መኪና አውጥቶ ገጠመው። «ጂቲ» የሚለውን የብረት ምልክት፣ ባጁንም፣ ኦንላይን ገዝቶ ለጠፈው፤ ያውም ትንሽ አጣሞ።

እማዬ ይህን አታውቅም። «ጂቲዬ» ሲለው እየሰማች አምናዋለች።

እውነቱን ብናገር አባዬን አታላይ የሚሉት መሰለኝ። ዝም ካልኩ ግን አታላይዋ እኔ ነኝ።

የምትወዱትን ሰው ላለማሳጣት ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ወጣችሁበት?

ስልክ ማውራት እንደምፈራ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ነገ ጠዋት ለእማዬ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ለጋሽ ታደሰ ራሴ ኮል አደርጋለሁ።