የማዳሜ ቦርሳ

ቤሩት ባዳሮ ሰፈር በተመላላሽነት የምሠራላት ማዳሜ ኔፓል ካሉት የሂማላያ ተራሮች አንዱን ልትወጣ ተነሳች። መሪ ካለ ጀማሪም የሚወጣው ተራራ ነው አለችኝ። ለልምምድ ውሃ የሞላ ቦርሳ አዝላ ስምንት ፎቅ በደረጃ ትወጣለች፤ እኔ ከፊት እመራታለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር አሳንሰሩ ስለሚቆም ደረጃውን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

የመጀመሪያው ቀን አራተኛው ፎቅ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ቦርሳውን ወደ እኔ ገፋችው።

"ኸላስ፣ በቃኝ፣ አንቺ ያዢልኝ።"

እጄ ከልማድ ሊያነሳው ሲል ሰበሰብኩት።

"ማዳም፣ ተራራው ላይ እኔ የለሁም። ያላ፣ ተነሺ" አልኳት።

ገላመጠችኝ። ዛሬ መባረሬ ነው ብዬ ሳልጨርስ ቦርሳውን አዝላ ተነሳች። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልተሸከምኩላትም።

ባለፈው ሳምንት ከተራራው ወርዳ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል፤ ቦርሳው ጀርባዋ ላይ ነው። "መሪዬ ልታናግርሽ ትፈልጋለች" ብላ ስልኩን ለአንዲት ኔፓላዊት ሰጠቻት። ሴትየዋ በጠራ የቤሩት አረብኛ ሰላም አለችኝና ፈንጠር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እኔ ራስ ቤሩት ሰፈር ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አንድም ማዳም የራሷን ቦርሳ ስትሸከም አላየሁም። ያኒ፣ ማለቴ ምን አድርገሻት ነው?"