ከአማቴ ጋር በወንዙ ዳር

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎባቸው፣ አንበሳሜ አጠገብ ካለው መንደራቸው ደብረ ታቦር እኛ ቤት የመጡት በመስከረም መጨረሻ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸው፣ ጨው እንዲቀንሱ መከራቸው፣ በመጨረሻም ዘና ብለው በእግር እንዲንሸራሸሩ አዘዛቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ገበያና ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ስመላለስ ኖሬ አሁን ደግሞ በእግር መሄድ መድኃኒት ሆነ ወይ ብለው ለባለቤቴ አጉረመረሙላት።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ነበረች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለማስተምር ቅዳሜ ቤት እውላለሁ። ስለዚህ አማቴን ማንሸራሸር የእኔ ድርሻ ሆነ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጃቸውን ካገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ በነዚህ ዓመታት ሁሉ እሳቸውም እኔን አንቱ ይሉኛል፣ እኔም እሳቸውን አንቱ እላለሁ። እኔ የተወለድኩት ደቡብ፣ ሐዋሳ ነው። በዚህ አገር አማትና አማች እንዲህ እንደሚከባበሩ ያስረዳችኝ ባለቤቴ ናት። እኔ ግን አማቴ ጋብቻችንን መጀመሪያ እንዳልወደዱት አውቅ ስለነበር፣ አንቱታው ከአክብሮት ይልቅ አጥር ይመስለኝ ነበር። ለብቻችን ስንቀመጥ ስለ ዝናቡ እንነጋገራለን፤ ዝናቡ ሲያልቅብን ዝም እንላለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው የምንሄድ?» አሉኝ።

«የትም አይደለም። ወንዝ ወንዙን ትንሽ ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን።»

መልሱ አልተዋጠላቸውም። ቢሆንም ወጡ። አስፋልቱን ተሻግረን፣ የባጃጅ መቆሚያውን አልፈን ቁልቁል ወረድን። እኔ ከጎናቸው ልሆን ቀስ ስል እሳቸውም ቀስ ይላሉ፤ ፈጠን ስል ፈጠን ይላሉ፤ ሁልጊዜ ግን ሁለት ክንድ ያህል ከኋላዬ ናቸው። ያገኙትን ሁሉ ቆመው ሰላም ይላሉ። ወዴት ነው ብሎ ለሚጠይቃቸውም ሐኪም አዞኝ ነው እያሉ ይመልሳሉ። ያለ ጉዳይ መሄዳቸውን ለመናገር አፍረው ነበር።

የጥቅምት ጠዋት ነው። ክረምቱ ካለቀ ወዲህ ወንዙ ጠርቷል፤ ድንጋዮቹ ከሥር አንድ በአንድ ይታያሉ። በወዲያ ማዶ ያለው ገብስ ነጣ ነጣ ብሏል። አማቴ ቆም ብለው አዩትና በዚህ በኩል ዘግይቷል፣ የእኛ ይኼኔ ለአጨዳ ደርሷል አሉ። ከዚያ በኋላ እርምጃቸው ላላ አለ። በየጥጉ እየቆሙ ሣሩን፣ የውኃውን መታጠፊያ፣ ድንጋይ ላይ ልብስ የሚያጥቡትን ተማሪዎች ያዩ ጀመር። በቀዳሚት ሰንበት ልብስ መታጠቡ ደስ እንዳላላቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

መሻገሪያው ጋ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ባጃጁን ውኃ ውስጥ አቁሞ ያጥባል። አማቴ ደክሟቸው ስለነበር ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው አጠገባቸው አስቀመጡና እግራቸውን ውኃ ውስጥ ከተቱ። ሲያርፉ ትከሻቸው ሁሉ ዝቅ ሲል አየሁ። ወዲያው ሰውዬው ባጃጁን አስነስቶ ሲወጣ፣ የተነሳው ማዕበል ድንጋዩን አልብሶት ተመለሰ፤ አንደኛውን ጫማም ይዞ ሄደ።

ሳላስብ ሮጥኩ። ጫማው እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ከፊቴ ይሄዳል። ዳር ዳሩን ተከተልኩት፤ ልይዘው ስል እያመለጠኝ፣ በመጨረሻ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ አዳለጠኝና በጀርባዬ ወደቅሁ። ያኔ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት።

«ተው! ተወው ልጄ፣ ይሂድ!»

ውኃው ጥልቅ አልነበረም፤ ስቆም ከጉልበቴ አላለፈም። ጫማው የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ይዞት አገኘሁት። ይዤው ስመለስ አማቴ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግራቸው ሆነው ዳር ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ ደኅና መሆኔን ከላይ እስከ ታች አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ከላዬ ውኃው እየተንጠባጠበ አብሬ ሳቅሁ።

ሱሪዬ ፀሐይ ላይ እስኪጠነፍፍ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በድንጋጤ አንተ ስላሉኝ፣ አንዴ ይቅርታ አንቱ ብለው ጀመሩና አንቱታውን መልሰው ተዉት። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ያልወደዱት እኔን እንዳልሆነ የነገሩኝ እዚያ ነው። የላክኋቸው ሰዎች የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ፤ አንድም የሥጋ ዘመድ አልነበረባቸውም።

«እናት አባቱን የማላውቀው ሰው ልጄን ይዞብኝ ቢሄድ፣ በየት በኩል ብዬ እፈልጋታለሁ ብዬ ነው» አሉኝ።

እናቴ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ እንደሞተች፣ አባቴንም እንደማላውቀው ነገርኳቸው። ይህን ባለቤቴ ነግራቸው ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ አልነገረቻቸውም። ወደ እኔ ዞሩ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ።

ወዲያው አልመጣልኝም። ከቀብሯ ቀን ወዲህ ያን ስም ጠርቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠራሁትም። ሳስታውሰው ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸው እንዳይረሳቸው ሁለት ጊዜ በከንፈራቸው ደገሙት። ለምን እንደጠየቁኝ አልነገሩኝም። በማግስቱ ቅዳሴ ቆይተው ሲመለሱ፣ የእናቱን ስም ለቄሱ አስይዣለሁ፣ ከእንግዲህ ከእኛ ሙታን ጋር ትታሰባለች ብለው ለባለቤቴ ሲነግሯት ሰማሁ። ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜ ሄድን። ከኋላዬ መሄዳቸውን ተዉት፤ እንዲያውም አንዳንዴ እየቀደሙኝ፣ ዛሬ እስከዚያ መታጠፊያ ድረስ እንሂድ ይሉኛል። ወዴት ነው ብሎ ለሚጠይቃቸውም፣ ከልጄ ጋር እየተንሸራሸርን ነው ይላሉ።

በኅዳር ግፊታቸው ሲወርድ የጤፍ አጨዳ ደረሰና ወደ መንደራቸው ተመለሱ። እኔ አሁንም ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ባለፈው ሳምንት መሻገሪያው ጋ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። አማቴ ናቸው። የደወሉት ጤፉ ተወቅቶ ማለቁን ሊነግሩኝ ነበር። የውኃውን ድምፅ ሰምተው ኖሮ፣ ወንዙ ገና አለ ወይስ ሊደርቅ ነው ብለው ጠየቁኝ። ቀንሷል፣ ግን አልደረቀም አልኳቸው።