ባንዲራው ወርዶ እስኪያልቅ

ሱሉልታ በነበረው የጦር ሰፈር ስንኖር እቤታችን ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ ወጥ የምትጥደው፣ እኔ ፊቴን የምታጠበው፣ ጎረቤቶቻችን ጠባቸውን የሚያቋርጡት በመለከት ነበር። ጭጋጉ ሜዳውን ሲሞላው አጥሩም የቆርቆሮ ቤቶቹም ይጠፉና መለከቱ ብቻ ይቀራል። ዛሬም ልጅነቴን ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬ ነው የሚያስታውሰው።

ከሁሉም የሚከበረው የአመሻሹ ነበር፣ ባንዲራ ሲወርድ። ያኔ ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ሴቶቹ እንስራቸውን እንዳዘሉ፣ እኛ ልጆች የጨርቅ ኳሳችን ቁልቁል ስትንከባለል እያየናት። መኪና እንኳ ይቆማል። የተንቀሳቀሰ ልጅ አባቱን ያሳፍራል። እኔ ደግሞ አባቴን ከማሳፍር ሞቴን እመርጥ ነበር።

አባቴ አስር አለቃ ነበር። ወደ ኦጋዴን በሚሄድበት ቀን እናቴ ጠርሙስ አስይዛ ከአጥሩ ውጭ፣ አዴ ብለን ወደምንጠራቸው ወተት ሻጭ ባልቴት ላከችኝ፤ ትኩስ ወተት ጠጥቶ እንዲሄድ። አባቴ የቦት ጫማውን ክር እያሰረ "ሳልስምሽ አልሄድም" አለኝ። ካሚዮን ሰው እንደማይጠብቅ የወታደር ልጅ አይጠፋትም፤ ግን አመንኩት።

ላሟ ጥጃዬን ካላየሁ ብላ ወተቷን ያዘች። አዴ ሲያባብሏት፣ ሲለምኗት፣ የካሚዮኑ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። "ፊጊ፣ ኢንተላ ኮ! ሩጪ ልጄ!" ብለው ግማሽ ያልሞላ ጠርሙስ ሰጡኝ። ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን አልታደልኩም።

በሩ ጋ ስደርስ ካሚዮኑ እየወጣ ነበር። አባቴ ካሚዮኑ ላይ ከኋላ ሆኖ አየኝ። ልክ ያኔ የባንዲራው መለከት ተነፋ።

ካሚዮኑ ቆመ። ላዩ ላይ ያሉት ወታደሮች ተነስተው ቀጥ አሉ። በእኔና በአባቴ መካከል አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እኔም ጠርሙሴን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ቀጥ አልኩ። ጭጋጉ በመካከላችን ቀስ እያለ ያልፋል፤ አባቴ ይደበዝዛል፣ መልሶ ይታያል። እጁ አልተንቀሳቀሰም፣ ዓይኑ ግን ከእኔ ላይ አልተነሳም። ምነው ይህ መለከት ባላለቀ ብዬ ተመኘሁ። ረጅም ነበር፤ ሄዶ ለመሳም፣ ወተቱን አጠጥቶ ለመመለስም ይበቃ ነበር።

አለቀ። ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። የሮጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ጭጋጉ ውስጥ፣ የሞተሩን ድምፅ እየተከተልኩ፣ እሱም እስኪጠፋ።

አባቴ አልተመለሰም። ዕቃውን ያመጣልን ጓደኛው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ እኔ ሲያወራ እንደሄደ ነገረን። "አያችኋት? እንደ ወታደር ቀጥ አለች እኮ! ንቅንቅ አላለችም!" እያለ ሲኮራብኝ ነበር አሉ። እናቴ ይህን ለመጣው ሰው ሁሉ ስታወራ ኖረች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምነው ያን ዕለት ባሳፈርኩት።